የቤት ኤሲ በባህር ዳር፦ ስለ መግዛት፣ ስለ ባለሙያና ስለ ጥገና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ላይ ፍሪጅና ኤሲ ስሰራ ነው የምውለው፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ባህር ዳር ላይ ኤሲ የግድ ያስፈልጋል ወይ?

ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሚከብደው መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ነው፣ ቀን 30 ዲግሪ አካባቢ ይገባና ሌሊት ላይ ግን ውጪው ይበርዳል። ብዙ ቤት ውስጥ የሚያስቸግረው ውጪው ሙቀት ሳይሆን ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ሲግል ይውላል፣ ቆርቆሮና ኮርኒስ መሃል ያለው አየር መውጫ አጥቶ ይታፈናል፣ ብሎኬቱ ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ሲተፋ ያመሻል።

ስለዚ መጀመሪያ የምመክረው ኮርኒስ ከሌለ ኮርኒስ አሰሩ፣ ካለ ደግሞ በጣሪያው ግራና ቀኝ አየር ማስወጫ ቀዳዳ አስከፍቱ፣ መስኮቱ ላይ የትንኝ ወንፊት አርጋችሁ ማታ ክፈቱት፣ ቬንትሌተር ጨምሩ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ፣ ወይ ቤት ውስጥ ሽማግሌ፣ ህመምተኛ፣ ጨቅላ ካለ፣ ወይ ደግሞ የምትኖሩት የመጨረሻው ፎቅ ላይ ሆኖ የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳውን ቀጥ ብሎ የሚመታው ከሆነ ያኔ ኤሲ ግዙ።

ስንት ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ልግዛ?

3 በ 4 ለሆነ መኝታ ቤት 9000 ይበቃል፣ 4 በ 5 ለሆነ ሳሎን 12000፣ ከዛ ሰፋ ካለ 18000። እዚህ ላይ ብዙ ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ፣ ካርቶኑ ላይ የተፃፈው ቢቲዩ የተለካው በባህር ጠለል አየር ነው፣ የኛ አየር ደግሞ ከዛ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ማሽኑ የሚያነሳው ሙቀት በተወሰነ መጠን ይቀንሳል። ክፍላችሁ በሁለት መጠን መሃል ከወደቀ ከፍ ያለውን ያዙ።

ግን ደግሞ "ትልቅ ከሆነ ቶሎ ያቀዘቅዛል" ብላችሁ ትንሽ መኝታ ቤት ላይ 24000 አታስገጥሙ። በደቂቃዎች ያቀዘቅዝና ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እርጥበቱን ሳያወጣው ክፍሉ ቀዝቃዛ ግን ጭጋግ ጭጋግ የሚል ይሆናል፣ ኮምፕረሰሩም (ጋዙን እየገፋ የሚያዞረው ሞተር) በመነሳትና በመጥፋት ብዛት እድሜው ያጥራል።

ፊልተሩን እራሴ ማጠብ እችላለሁ? በስንት ጊዜ?

ትችላላችሁ፣ ለዚ ሰው ጠርታችሁ ብር አትክፈሉ። ብሬከሩን አጥፉት፣ የፊቱን ክዳን ወደ ላይ አንሱት፣ ወንፊት የሚመስሉትን ሁለቱን ሳቡ፣ ከኋላቸው በኩል በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ (ከፊት ከሆነ ቆሻሻው ወንፊቱ ውስጥ ይቀረቀራል)፣ ጥላ ላይ አድርቁ። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ፕላስቲኩ ይጣመምና በቦታው አልገባም ይላል።

በሙቀቱ ወራት በየ 2 ሳምንቱ፣ ቤታችሁ ገና አስፋልት ያልገባበት ባጃጅ አቧራውን የሚያቦንበት መንገድ ዳር ከሆነ በየሳምንቱ። ሐይቁ ዳር ላላችሁ ደግሞ ማታ መብራት አይቶ የሚመጣው ትንኝ ገብቶ ወንፊቱ ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ እናንተም ቶሎ ቶሎ እዩት። ለጥገና ከምጠራባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ላይ ያለው ችግር የታፈነ ፊልተር ብቻ ነው፣ አጥቤ ስመልሰው ይቀዘቅዛል።

ሪሞቱን ስንት ላይ ላርገው?

24 ወይ 25። 16 ላይ ስላረጋችሁት ቶሎ አያቀዘቅዝም፣ ማሽኑ የሚያወጣው ቅዝቃዜ ያው ነው፣ ልዩነቱ 16 ላይ ስለማይደርስ ሳያርፍ ሲሰራ ማደሩ ነው። ማታ ላይ ስሊፕ የሚለውን ተጫኑት፣ እንደኛ ከተማ ሌሊቱ በሚበርድበት ቦታ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም።

መብራት ምን ያህል ይቆጥራል?

ኢንቨርተር ያልሆነ (ኮምፕረሰሩ ፍጥነቱን እየቀያየረ የማይሰራ) 12000 ቢቲዩ ሲሰራ 1 ኪሎዋት ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ይስባል። በቀን 6 ሰዓት ብታበሩት ከ 6 እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 200 ገደማ ማለት ነው፣ እሱም ሳያርፍ ከሰራ። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ስለሚስብ በአንድ ጊዜ ሲታይ ከኤሲው ይበልጣል፣ ልዩነቱ ምጣዱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መጣዱ ነው። የመብራት ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ እራሱ ይጨምራል፣ ሰው ቢሉን አይቶ የሚደነግጠው ለዚ ነው።

የኤሲው የውስጡ ክፍል (ቤት ውስጥ የሚሰቀለው) ግድግዳ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም፣ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ መውረጃው ቱቦ ተደፍኖ ነው። ኤሲ ከአየሩ ላይ እርጥበት ይሰበስባል፣ ውሃው በቱቦ መውጣት አለበት፣ ቱቦው ውስጥ አቧራና አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ሲጠራቀም ውሃው ተመልሶ ወደ ቤት ይፈሳል። ከውጪ ጫፉ በኩል በደንብ መንፋት ወይ መምጠጥ ብዙ ጊዜ ይከፍተዋል። ካልሆነ ሲገጠም ዘመም ተደርጎ አልተሰራም ማለት ነው፣ ያንን የገጠመው ሰው በነፃ መጥቶ ማስተካከል አለበት።

ውሃ ሳይሆን በረዶ ከሰራ ሌላ ነገር ነው። አጥፉት፣ ፋን ብቻ አርጉትና ይሟሟ፣ ፊልተሩን እጠቡ፣ ድጋሚ ከሰራ ጋዝ ቀንሷል ወይ ማራገቢያው ደክሟል፣ ሰው ጥሩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ይቃጠላል ይባላል፣ ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ ማስተካከያ) ግዴታ ነው?

በኔ እምነት ግዴታ ነው፣ እና ኤሲ የሚገዛ ሰው የስታቢላይዘሩን ዋጋ አብሮ ካላሰበ ገና አልተዘጋጀም። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ቮልቴጁ ከ 220 ይወርድና 170 ምናምን ይገባል፣ ኮምፕረሰሩ በዛ ጉልበት መነሳት ያቅተዋል፣ እዛው ጥርሱን ነክሶ ይግላል፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥምጥም ይቃጠላል። ወዲያው ተመልሶ የመጣ መብራትም እንደዛው ነው፣ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይስተካከል ኮምፕረሰሩ ልነሳ ሲል ይታገላል።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ከ 3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሳ ማዘግያ ያለው ይሁን። ሁለተኛ ለ 12000 ቢቲዩ 5 ኬቪኤ (የስታቢላይዘሩ አቅም) ያዙ፣ ደግሞ የተፃፈውን ብቻ አትመኑ፣ አንሱት፣ ውስጡ በቂ መዳብ ያለው ስታቢላይዘር ከባድ ነው፣ 5 ኬቪኤ ተብሎ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ከሆነ ተዉት። ኤሲው ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር አይሁን፣ ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው ብሬከርና ለብቻው ገመድ ይምጣለት፣ ለ 12000 ቢቲዩ 2.5 ካሬ ገመድ፣ ለትልልቆቹ 4 ካሬ፣ ከአርዝ ጋር።

ጥሩ ሰራተኛ እንዴት ላግኝ? ምን ብዬ ልፈትነው?

ኤሲ የገጠመለትን ጎረቤት ጠይቁ፣ ግን "ጥሩ ነው ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ "ከገጠመው ስንት አመት ሆነው፣ ከዛ ወዲህ ጋዝ ሞልታችኋል?" በሉ። ሁለት አመት ጋዝ ሳያስሞላ ያለፈ ኤሲ የገጠመውን ሰው ስልክ ያዙ። በሙያ ተምሮ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያለፈ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀት ኖሮት መሳሪያ የሌለው አለ፣ ወረቀት ሳይኖረው ስራው የሚያምርም አለ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ቦርሳውን ነው። ጌጅ (ግፊት መለኪያ)፣ ቫኪዩም ፓምፕ (ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር የሚመጥ)፣ ክላምፕ ሜትር (የሚስበውን አምፔር የሚለካ)፣ የጋዝ ሚዛን። "ወንድሜ ቫኪዩም ፓምፕ ይዘሃል?" ስትሉት "አያስፈልግም፣ በጋዙ አስተነፍሰዋለሁ" ካለ በአክብሮት ሸኙት።

ዋጋውን ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ፣ ከ 3 ሜትር በላይ የሚሆነው ኮፐር (የመዳብ ቱቦ) በሜትር ስንት እንደሆነ፣ ብራኬቱ፣ ገመዱ፣ ብሬከሩ የማን እንደሆነ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ቀብድ ለእቃ መግዣ ይከፈላል፣ ሙሉውን ግን ሰርቶ፣ ግማሽ ሰዓት አብሯችሁ ተቀምጦ ሲቀዘቅዝ ካያችሁ በኋላ ነው። እቃ ከቀየረ አሮጌውን እዛው እንዲተው ንገሩት። እና እባካችሁ ፎቅ ላይ ያለገመድ የሚንጠለጠል ልጅ ካያችሁ አስቁሙት፣ አንድ ቀን ቢዘገይ ይሻላል፣ የሰው ልጅ ነው።

"ጋዝ አልቋል፣ እንሙላው" ተባልኩ፣ ልመን?

ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ጋ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ባጃጅ ቤንዚን አይነድም፣ አያልቅም። በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ከውስጡ ክፍል ወደ ውጪው እየዞረ የቤቱን ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል፣ ያው አንዱ ጋዝ ነው 10 አመት የሚዞረው። ከቀነሰ አንድ ቦታ ላይ ሊክ (ጋዝ የሚያሾልክ ቀዳዳ) አለ ማለት ነው፣ ሊኩን ሳይዘጋ የሞላላችሁ ሰው በተቀደደ ማድጋ ውሃ የቀዳ ነው። "በየአመቱ መሞላት አለበት" የሚባለው ፍፁም ስህተት ነው።

እናቴ ቤት ኤሲው ሲገጠም እኔ ከተማ አልነበርኩም። አንድ አመት ከመንፈቅ ውስጥ ሶስት ጊዜ ጋዝ ተሞላ፣ ሶስቱንም ጊዜ የመጣው ያው የገጠመው ሰው ነው፣ ሶስቱንም ጊዜ "እትዬ ሙቀቱ ነው የሚጨርሰው" ብሏታል፣ እሷም ከጡረታዋ ከፍላለች። ተመልሼ የሳሙና አረፋ በስፖንጅ አርጌ ከውጪው ክፍል ጎን ያለችውን ነት ስነካት አረፋዋ ቀስ እያለ መንፋት ጀመረ። የቱቦው አፍ ሲሰፋ ተሰንጥቋል፣ አንድ ጣት የምታክል ቆርጬ፣ እንደገና አስፍቼ ነቷን አጠበቅኳት። ከዛ ወዲህ አልተነካም። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ የአረፋ ምርመራው የፈጀው 10 ደቂቃ ነው።

ስለዚ ጋዝ ከተባላችሁ "እሺ፣ መጀመሪያ ሊኩን አሳየኝ" በሉ። ነቶቹንና ቫልቮቹን በአረፋ ይይ፣ እዛ ከሌለ በናይትሮጅን ገፍቶ ይፈልግ። ከዛም በፊት ደግሞ ጋዝ ያልሆኑትን ነገሮች አንድ በአንድ ይፈትሽ፦ ፊልተሩ፣ የውጪው ክፍል በአቧራ መታፈኑ፣ ሪሞቱ ሳይታወቅ ፋን ላይ መሆኑ (ልጆች ይነካኩታል)፣ ካፓሲተሩ (ኮምፕረሰሩን ለማስነሳት የሚረዳው እቃ)። ውጪ ያለው ማራገቢያ እየዞረ ኮምፕረሰሩ እምም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ካፓሲተር ነው፣ ርካሽ እቃ ናት፣ እሷን ቀይሮ "ኮምፕረሰር ጠገንኩ" ብሎ የሚያስከፍል አለና አሮጌውን ተቀበሉ።

ሰርቪስ ሲባል ምን ምን መሰራት አለበት?

በአመት አንድ ጊዜ፣ የካቲት ላይ፣ ሰው ሳይበዛ። የውስጡ ክፍል ክንፎችና ከበሮ የመሰለው ማራገቢያ ይታጠባል፣ የሚሸተው እሱ ነው። የውጪው ክፍል ክፍት ተደርጎ ከውስጥ ወደ ውጪ በቀስታ በውሃ ይታጠባል፣ የመኪና ማጠቢያ ጄት ተጠቅሞ አልሙኒየሙን የሚያጣጥፍ አለ፣ አትፍቀዱ። የሽቦ ማሰሪያዎች ይጠበቃሉ፣ ውሃ መውረጃው ይፈተሻል፣ በክላምፕ ሜትር የሚስበው አምፔር ይለካል። ከሰርቪሱ በኋላ የሚወጣው አየር ከሚገባው ከ 8 እስከ 12 ዲግሪ የቀዘቀዘ ከሆነ ጋዙ ደህና ነው፣ ጌጅ ሳይሰካ ቢቀር ይመረጣል፣ በተሰካ ቁጥር ትንሽ ጋዝ ይወጣል።

ክረምት ሲገባ ምን ላርግ?

ሰኔ ላይ ከመተዋችሁ በፊት ፋን ብቻ አርጋችሁ ለአንድ ሰዓት አንፍሱት፣ እርጥብ ሆኖ ከተዘጋ ይሻግታል። ከዛ ብሬከሩን አጥፉ፣ በሶኬት ከሆነ ንቀሉ፣ ጣና ዙሪያ የክረምት መብረቅ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን የሚያቃጥለው እሱ ነው። የውጪውን ክፍል በላስቲክ አትጠቅልሉት፣ ውሃ እንዲችል ሆኖ ነው የተሰራው፣ ላስቲኩ እርጥበት አፍኖ ያዝገዋል፣ ለእንሽላሊትና ለተርብም ቤት ይሆናል።

በታህሳስና ጥር ሌሊት ይበርደኛል፣ ኤሲው ያሞቃል?

ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ካለ ያሞቃል፣ እና ከሽቦ ማሞቂያ (ሂተር) በጣም ያነሰ ነው የሚስበው፣ ለተመሳሳይ ሙቀት ሲሶ ገደማ፣ ምክንያቱም ሙቀት አያመርትም፣ ከውጪው አየር ሰብስቦ ነው የሚያስገባው። ለኛ ብርድ በቂ ነው።

ከኤሲ ውጪ ቢሆንም አንድ ነገር ልበል፣ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጭሱ ጠፋ፣ ፍም ሆነ ብላችሁ አትመኑ፣ የሚገለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ ላይ ነው የሚወስደው። ብርድ ልብስ ደርቡ።

ቤት ልቀይር ነው፣ ኤሲውን ጋዙን ሳላጣ ነቅዬ መውሰድ እችላለሁ?

ይቻላል፣ ግን እራሳችሁ አትሞክሩት። ማሽኑ ኩል ላይ እየሰራ ቀጭኑ ቫልቭ ይዘጋል፣ ጋዙ በሙሉ ወደ ውጪው ክፍል ይሰበሰባል፣ ጌጁ ወደ ዜሮ ሲወርድ ወፍራሙ ይዘጋና ወዲያው ይጠፋል። ከአንድ ሁለት ደቂቃ አያልፍም። ወዲያው ካልጠፋ ወይ ቱቦው ተከፍቶ እያለ ከሰራ አየር ይስባል፣ አየርና ዘይት በዛ ግፊትና ሙቀት አብረው ሲታመቁ ኮምፕረሰሩ ሊፈነዳ ይችላል። "ጋዙን እንልቀቀውና አዲሱ ቤት እንሞላዋለን" የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ለጉልበቱም ለጋዙም ሊያስከፍላችሁ ነው፣ አየሩንም ይጎዳል። የነቶቹን አፍ በቴፕ እሸጉ፣ ውጪውን ክፍል አስተኝታችሁ በባጃጅ አትጫኑ፣ ቁጭ እንዳለ ይሂድ፣ ከተኛ ዘይቱ ቦታውን ይለቃል።

አር 22፣ አር 410ኤ፣ አር 32 ምንድን ናቸው? አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል?

ኤሲ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ አይነቶች ናቸው፣ መተካት ግን አይቻልም። የጋዙ አይነት የውጪው ክፍል ጎን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተፅፏል፣ ሰራተኛው ከመምጣቱ በፊት ፎቶ አንሱት። አር 22 የድሮው ነው፣ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ስር ቀስ በቀስ እየወጣ ነው፣ እንደኛ ላሉ አገሮች እ.ኤ.አ. 2030 ነው የተቀመጠው። ስለዚ አሁን ያገለገለ ኤሲ በርካሽ አገኘሁ ካላችሁ ወረቀቱን እዩ፣ አር 22 ከሆነ ነገ ጋዙን ፍለጋ ትንከራተታላችሁ። አር 410ኤ ግፊቱ የአር 22ን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፣ ዘይቱም ሌላ ነው፣ አር 22 ማሽን ውስጥ ማስገባት አደጋ ነው። አር 32 በአዳዲሶቹ ላይ ያለው ነው፣ ቀዝቃዛነቱ ጥሩ ነው፣ ምድርን የማሞቅ ጉዳቱም የአር 410ኤ ሲሶ ገደማ ነው፣ ግን በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው፣ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ ወይ ጋዙ ሳይወጣ ቱቦውን በእሳት የሚበይድ ሰው አይንካባችሁ። ጋዝ የሚሞላው በሚዛን በግራም ነው፣ ወረቀቱ ላይ ልኩ አለ፣ "በእጄ ነክቼ አውቀዋለሁ" አይሰራም።

ኢንቨርተር ይሻላል ወይ መደበኛው?

በቀን 5 እና 6 ሰዓት የምታበሩ ከሆነ ኢንቨርተር፣ ሲነሳ ቀስ ብሎ ነው፣ ዝቅ ያለ ቮልቴጅም ከመደበኛው በተሻለ ይችላል፣ ቢሉም ይቀንሳል። ችግሩ ቦርዱ ነው፣ ከተቃጠለ የዛው ሞዴል ቦርድ ባህር ዳር ላይ ማግኘት ይከብዳል፣ ከአዲስ አበባ ተፈልጎ እስኪመጣ ሙቀቱ ያልፋል። ስለዚ የምትገዙት ሱቅ መለዋወጫ ያመጣ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአመት ሁለት ወር፣ ማታ ማታ ብቻ ለሚያበራ ሰው መደበኛው ይበቃዋል።

ቫኪዩም ሲደረግ ጌጁ 30 አልገባም፣ 24 ላይ ቆመ፣ ፓምፑ ደክሟል?

ይሄን የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ስራውን የጀመሩ ልጆች ናቸው፣ ግን የቤት ባለቤትም ቢያውቀው ጥሩ ነው። ቫኪዩም ማለት ከገጠማ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት መምጠጥ ነው። እርጥበቱ ከቀረ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል፣ ኮምፕረሰሩን በአመት በሁለት አመት ይበላዋል፣ ያኔ ማንም "ገጣሚው ነው" አይልም፣ "ማሽኑ ቻይና ስለሆነ" ነው የሚባለው።

ጌጁ ላይ ያለው 30 (በኢንች ሜርኩሪ) የባህር ጠለል ቁጥር ነው። እኛ 1800 ሜትር ላይ ነን፣ ላያችን ላይ ያለው አየር ያነሰ ነው፣ ውሃ እንኳን እኛ ጋ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ስለዚ ባህር ዳር ላይ በትክክል ዜሮ የተደረገ ጌጅ ፓምፑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን 24 አካባቢ ነው የሚቆመው፣ 30 አስገባሁ የሚላችሁ ካለ ጌጁ የተሳሳተ ነው። 24 መድረሱ ብቻ ግን እርጥበቱ ወጣ ማለት አይደለም፣ ፓምፑ ቢያንስ ለ 30 ደቂቃ ይስራ፣ ማይክሮን ጌጅ (ቫኪዩሙን በጥቃቅኑ የሚለካ) ያለው ከ 500 ማይክሮን በታች ያውርደው፣ ከዛ ቫልቩን ዘግቶ ፓምፑን አጥፍቶ 20 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ቡናም ጠጡ አብራችሁ። መርፌው ከተነሳ ሊክ ወይ እርጥበት አለ፣ ጋዙ አይለቀቅም፣ ነቶቹ እንደገና ይታያሉ። ካልተነቃነቀ ቫልቮቹን ይክፈት።